ብርሃንን የሚቀድም ነገር ለምን የለም? ጥያቄው ከነመልሶቹ

መነሻው ፖስት

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ጥያቄ አለኝ። ብርሃን በባዶ ህዋ ውስጥ በሰከንድ 299,792,458 ሜትር እንደሚጓዝ አውቃለሁ። ከዚያ በላይ የሚሄድ ነገር እንደሌለም ትምህርት ቤት ሰምተናል። የማይገባኝ ምክንያቱ ነው። ድምፅም በአንድ ወቅት የማይታለፍ ይመስል ነበር። በ1947 ቸክ ዬገር በአውሮፕላን አለፈው። ታዲያ ብርሃን በምን ተለየ? ሞተር አንሶን ነው? ነዳጅ? ወይስ ተፈጥሮ ራሷ አጥር አጥራለች? አንስታይን ስላለ የሚል መልስ አልቀበልም፤ እሱም እንዲህ ያለበት ምክንያት ይኖረዋል። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ኋላ እንዳንጣላ።

ፖስቱ ይሄ ነበር። መልሶቹ ሃያ ምናምን ደረሱ። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ለሌላችሁ በተራ ቁጥራቸው ልተርክላችሁ። አንዳንዱን ረዘም አድርጌ፣ አንዳንዱን በአንድ መስመር አልፌ።

መልስ 1። ቀድሞ የደረሰው የመካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነው። በጨዋ ሰላምታ ጀመረ። አንድ ነገር ወደ ብርሃን ፍጥነት በተጠጋ ቁጥር ክብደቱ እየጨመረ እንደሚሄድ፣ መጨረሻ ላይ እሱን ለመግፋት ማለቂያ የሌለው ኢነርጂ እንደሚያስፈልግ ጻፈ። ቀመሩንም አስቀመጠ። ብዙ ላይክ አገኘ።

መልስ 2። ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው። ደጋግመው ስለሚመጡ ከዚህ በኋላ መምህሩ እያልኩ እጠራቸዋለሁ። ተማሪውን ልጄ ብለው አመሰገኑትና እርማት ሰጡ። ክብደት ይጨምራል የሚለው አነጋገር የቆየ ነው፤ የዛሬ የፊዚክስ ሰዎች ብዙም አይወዱትም። ኤሌክትሮን ቢሮጥም ባይሮጥም ያው ኤሌክትሮን ነው። የሚሆነው ሌላ ነው፦ ኢነርጂ በጨመርክለት ቁጥር በምላሹ የምታገኘው ፍጥነት እያነሰ ይሄዳል።

ለዚህም ዊልያም በርቶዚ ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሠራውን፣ በ1964 የታተመውን ሙከራ አመጡ። ሰውየው ኤሌክትሮኖችን እየገፋ በቱቦ ውስጥ ይለቃቸዋል፤ ከአንዱ ጫፍ ሌላው ጫፍ እስኪደርሱ የፈጀባቸውን ጊዜ ይለካል። ግማሽ ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣቶች ኢነርጂ መለኪያ ነው) ሲሰጣቸው፣ በኒውተን ስሌት ብርሃንን በ40 በመቶ መብለጥ ነበረባቸው። የተለካው ግን የብርሃን ፍጥነት 87 በመቶ ገደማ ነው። 15 ሚሊዮን ሲሰጣቸው፣ በኒውተን ስሌት ከብርሃን ከ7 እጥፍ በላይ መክነፍ ነበረባቸው። እነሱ ግን ብርሃንን ተጠግተው እዚያው ቀሩ። ኢነርጂው ሳይደርሳቸው ቀርቶ ይሆን? በርቶዚ ይህንንም አስቦበታል። ኤሌክትሮኖቹ መጨረሻ ላይ የሚመቱትን የአሉሚኒየም ቁራጭ ሙቀት ለካ። ሙቀቱ ከተሰጣቸው ኢነርጂ ጋር ገጠመ። ኢነርጂው ገብቷል፣ ፍጥነቱ ግን አልመጣም። በበኩሌ በውይይቱ ውስጥ ከተነሱት ሙከራዎች ሁሉ እንደዚህ የወደድኩት የለም።

መልስ 3። ስዊዘርላንድ የሚኖር ሰው ይህንኑ አጠናከረ። ጄኔቫ አቅራቢያ ባለው ሰርን በሚባለው የቅንጣት ምርምር ማዕከል ቀለበት፣ ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር ነው፣ ፕሮቶኖች በሰከንድ ከ11,000 ጊዜ በላይ ይዞራሉ። ያ ሁሉ ኤሌክትሪክ ፈሶላቸውም ከብርሃን በሰከንድ 3 ሜትር ገደማ ያንሳሉ። ያቺን ሦስት ሜትር ግን መሙላት አልተቻለም።

መልስ 4። የራሴ ነው። አመስግኜ፣ ይሄ ሁሉ አለመቻሉን እንጂ ለምን አለመቻሉን እንደማይነግረኝ ጻፍኩ።

መልስ 5 እና 6። 5 ቁጥር ፈጣሪ የወሰነውን ለምን ማለት እንደማይገባ መከረኝ። 6 ቁጥር ደግሞ ፈጣሪ ያበጀውን ሥራ መመርመር ኃጢአት ሆኖ እንደማያውቅ መለሰለት። እዚያው ላይ ቆሙ፤ እግዜር ይስጣቸው።

መልስ 7። ጀርመን አገር ፊዚክስ የምትማር ልጅ ናት። ነገሩን ከሥሩ ጀመረች። በ1865 ማክስዌል የኤሌክትሪክና የማግኔትን ሕግ በቀመር ሲያስቀምጥ፣ ከቀመሩ ውስጥ አንድ ሞገድ ብቅ አለ። ፍጥነቱ ሲሰላ በጊዜው ከተለካው የብርሃን ፍጥነት ጋር ገጠመ። ብርሃን ራሱ ያ ሞገድ ነው ማለት ነው። ችግሩ ቀመሩ ፍጥነቱን ሲሰጥ ከማን አንጻር እንደሆነ አይናገርም። የመኪና ፍጥነት ከመንገዱ አንጻር ነው፤ የብርሃንስ? ያኔ የነበሩ ሊቃውንት ህዋን የሚሞላ ኤተር የሚባል ነገር አለ ብለው ገመቱ። ማይክልሰንና ሞርሊ በ1887 ክሊቭላንድ ላይ ፈተኑት። መሬት ፀሐይን ስትዞር በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች። ስለዚህ ወደ ጉዞዋ አቅጣጫ የሚሄድ ብርሃንና ወደ ጎን የሚሄድ ብርሃን ልዩነት ሊያሳዩ ይገባል። የተጠበቀው ልዩነት አልተገኘም። አንስታይን በ1905 ይህን እንዳለ ተቀበለው፦ የብርሃንን ፍጥነት የሚለካ ሁሉ፣ ራሱ ምንም ያህል ቢሮጥ፣ የሚያገኘው አንድ ቁጥር ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለችው ነው ዓይኔን የከፈተው። በብርሃን ፍጥነት 90 በመቶ የምትበር መንኮራኩር ውስጥ ሆነህ ባትሪ ብታበራ፣ ብርሃኑ ካንተ የሚርቀው በቀረችው 10 በመቶ አይደለም። በሙሉ ፍጥነቱ ነው። 99 በመቶ ደርሰህ ብታበራም ያው። የምታሳድደው ነገር ምንም ያህል ብትፋጠን ልዩነቱን አያጠብልህም። መሬት ላይ የቆመ ሰው ደግሞ ያንኑ ብርሃን በዚያው ቁጥር ይለካዋል። ሁለታችሁም ልክ እንድትሆኑ የግድ ሰዓታችሁና ሜትራችሁ መለያየት አለባቸው። ቁጥሩ ንቅንቅ ስለማይል ጊዜና ርዝመት ቦታ ይለቁለታል።

መልስ 8። እዚህ ላይ አንዱ መጣና ቆጣ አለ። ሰዓት ይዘገያል፣ ሜትር ያጥራል የሚለው ለወሬ ይመቻል እንጂ ያየው ሰው የለም ብሎ ማስረጃ ጠየቀ። አጠያየቁ ጎርበጥ ቢልም ጥያቄው ተገቢ ነበር።

መልስ 9። ሜሪላንድ ውስጥ ኡበር የሚነዳ ሰው ማስረጃው መኪናው ውስጥ እንዳለ ጻፈ። የጂፒኤስ ሳተላይቶች በፍጥነት ስለሚበሩ ሰዓታቸው ከኛው ጋር በቀን በ38 ማይክሮ ሰከንድ (የሰከንድ ሚሊዮንኛ ነው) ይለያያል። ይህ ካልታረመ በዚያች ጊዜ ብርሃን ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳልና መንገዱን ያስተዋል።

መልስ 10። መምህሩ ተመለሱ። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ምክንያቱ ግን ተቀላቅሏል። በፍጥነታቸው የተነሳ የሳተላይቶቹ ሰዓት በቀን 7 ማይክሮ ሰከንድ ወደ ኋላ ይቀራል። ከመሬት ርቀው ስበት ስለሚቀንስላቸው ደግሞ 45 ወደ ፊት ይሄዳል። ሲቀናነስ 38 ወደ ፊት ይሆናል። ስለዚህ ከፍጥነት የመጣው ትንሹ ክፍል ነው። ፍጥነትን ብቻ ለይቶ ለማሳየት ሙዮን እንደሚሻል ጨመሩ። ሙዮኖች ከህዋ የሚመጡ ጨረሮች ከባቢ አየርን ሲመቱ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚፈጠሩ ቅንጣቶች ናቸው። አማካይ ዕድሜያቸው 2.2 ማይክሮ ሰከንድ ነው። በዚያ ዕድሜ በብርሃን ፍጥነት ቢሮጡ እንኳ 660 ሜትር ያህል ሄደው ማለቅ ነበረባቸው። ግን በብዛት መሬት ይደርሳሉ፤ አሁን ይህን በምታነቡበት ቅጽበትም በላያችሁ እያለፉ ነው። ሰዓታቸው ከኛ ሲታይ ስለዘገየ ነው። ሮሲና ሆል የተባሉ ሰዎች በ1941 ኮሎራዶ ውስጥ ከተራራ ላይና ከታች እየቆጠሩ ይህን አሳይተዋል። ባለ 8 ዝም አለ። ለጊዜው።

ከ11 እስከ 14። ውይይቱ ሳት አለ። የሰማይ ሳተላይት ሲነሳ 11 ቁጥር ኳስ አስታወሰው፦ ጎረቤት ጎል ብሎ ከጮኸ በኋላ ነው እሱ ቤት ኳሷ መረብ የምትነካው፤ ይሄ የብርሃን ፍጥነት ጉዳይ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። በዲሽ የሚሠራ ባለሙያ 12 ላይ መለሰለት። የቴሌቪዥን ሳተላይቶች 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ወጥቶ ለመውረድ ሩብ ሰከንድ ይበቃል። ብዙ ሰከንድ ከዘገየ ጥፋቱ ምስሉን የሚጨምቁትና የሚፈቱት መሣሪያዎች ነው፤ ብርሃንን አትውቀሱ አለ። 13 ቁጥር በሳተላይት ስልክ ከአሜሪካ ቤተሰቦቿ ጋር ስታወራ የነበረውን መደናቆር ተረከች። እናቷ ሄሎ ይላሉ፣ እሷ ትመልሳለች፣ መልሱ ሳይደርስ እናቷ ደግመው ሄሎ ይላሉ። ደርሶ መልሱ ግማሽ ሰከንድ ነውና። አሁን በባሕር ሥር ባለው የመስታወት ገመድ ብርሃኑ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ መንገዱም አጭር ነው። 14 ቁጥር ወደ ፊዚክሱ እንድንመለስ ለመነ። እኔ ግን ይሄን ጨዋታ ወድጄው ነበር።

መልስ 15። ባለ 8 ተመለሰ፣ አሁን ትጥቁን አጥብቆ። በ2011 ሰርን ላይ ብርሃንን የቀደመ ቅንጣት መገኘቱን፣ ከዚያም አንስታይን እንዳይዋረድ ነገሩ መሸፈኑን አወጀ። መምህሩንም እስካሁን እርስዎ ሲላቸው የነበረውን አንተ ማለት ጀመረ።

መልስ 16። መምህሩ እርስዎ እያሉት መለሱ። ከስድብ ይልቅ ይሄ የበለጠ ያቃጠለው ይመስለኛል። በእርግጥ በመስከረም 2011 ኦፔራ የሚባለው ቡድን ከሰርን ተነስተው 730 ኪሎ ሜትር ድንጋይ ሰንጥቀው ጣልያን ግራን ሳሶ ተራራ ሥር የሚደርሱ ኒውትሪኖዎች፣ ማለትም ምንም ነገር ብዙም የማያግዳቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ ብርሃንን 60 ናኖ ሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ቀድመው መድረሳቸውን አስታውቋል። ነገር ግን የሸፈነ የለም። ቡድኑ ራሱ ውጤቱን አደባባይ አውጥቶ ስህተቱን ፈልጉልን ብሏል። ተፈልጎም ተገኘ፦ ከጂፒኤስ ሰዓቱ የሚመጣው የኦፕቲክ ገመድ በደንብ አልገጠመም ነበር። በ2012 እዚያው ተራራ ሥር ያሉ ሌሎች ቡድኖችም ለኩ። ልዩነቱ ጠፋ።

መልስ 17። ጀርመን ያለችው ልጅ ሌላ ምስክር ጠራች። በየካቲት 23 ቀን 1987 የማጌላን ታላቁ ደመና በሚባለው ጎረቤት ጋላክሲ ውስጥ የፈነዳ ኮከብ ታየ። ለኛ የካቲት 16 ቀን 1979 መሆኑ ነው። ኮከቡ ከ160,000 የብርሃን ዓመት በላይ ይርቃል። በጃፓን፣ በአሜሪካና በሶቪየት ኅብረት የነበሩ መመርመሪያዎች ከፍንዳታው የመጡ ሁለት ደርዘን ገደማ ኒውትሪኖዎችን ያዙ። ብርሃኑ የታየው ከነሱ 3 ሰዓት ያህል ዘግይቶ ነው።

መልስ 18። ባለ 8 ይቺን አገኘና ዘራፍ አለ። ቀደሙ ማለት አይደለም ወይ? በራሳችሁ አፍ! ሦስት አራት ሰውም ሳቀበት ሳቀለት። ልጅቷ ግን አልደነገጠችም። ኮከቡ ከመሃል ሲደረመስ ኒውትሪኖዎቹ ወዲያው ያመልጣሉ፤ ማንም አይነካቸውም። ብርሃኑ ግን ፍንዳታው የኮከቡን ቆዳ እስኪሰብር ውስጥ ታፍኖ ይቆያል። ዘግይቶ የተነሳ ዘግይቶ ደረሰ። ኒውትሪኖዎቹ 2011 ላይ በተወራላቸው ልክ ፈጥነው ቢሆን ኖሮ የሚቀድሙት በ3 ሰዓት ሳይሆን በ4 ዓመት ገደማ ነበር። ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ግል ስድብ ሄደ። አድሚኑ ሁለት ኮሜንት አጠፋና አስጠነቀቀ።

ከ19 እስከ 22። አቧራው ሲሰክን ብርሃን ተቀደመ የሚባልባቸው ጉዳዮች ተራ በተራ መጡ። 19 ቁጥር በውኃ ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 225,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚሄድ ኤሌክትሮን እንደሚቀድመው ጻፈ። ሰማያዊ ፍካት የሚሰጠውም ይሄ ነው፤ ቼረንኮቭ በ1958 ኖቤል የተሸለመበት። ልክ ነው፤ ገደቡ ግን የባዶ ህዋው ፍጥነት ነው። 20 ቁጥር ከብርሃን ፈጥነው የሚርቁን ጋላክሲዎችን አነሳ። እዚያ የሚሰፋው በመካከላችን ያለው ህዋ ነው፤ በአጠገባቸው የሚያልፈውን ብርሃን ሮጠው የቀደሙት የለም። 21 ቁጥር የሌዘር ጠቋሚ ጨረቃ ላይ ብናወዛውዝ ነጥቡ ከብርሃን በላይ ሊፈጥን እንደሚችል አሰላ። ይችላል። ነጥቡ ግን ከዚህኛው የጨረቃ ጫፍ ወደዚያኛው ምንም ይዞ አይሄድም። 22 ቁጥር የተጣመሩ ቅንጣቶችን፣ ማለትም ተራርቀውም የልኬት ውጤታቸው የሚተሳሰረውን፣ አመጣ፤ የ2022 የፊዚክስ ኖቤል የተሰጠባቸውን። እዚያም መልእክት መላክ አይቻልም፤ አንዱ ጋ የሚታየው ውጤት ብቻውን ሲታይ የሎተሪ ዕጣ ነው።

መልስ 23። ጥያቄዬን የመለሰችው ይሄኛዋ ናት። ያቺው የጀርመኗ ተማሪ። ገደቡ ስለ ብርሃን እንዳልሆነ ጻፈች። ምክንያት ውጤቱ ጋ የሚደርስበት ፍጥነት ነው። ብርሃን ክብደት ስለሌለው በዚያ ፍጥነት ይሄዳል፤ ሌላም ይሄዳል። ነሐሴ 17 ቀን 2017 ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች ተላትመው የተነሳው የስበት ሞገድ (የህዋ የራሱ መርገብገብ) እና የጋማ ጨረር (እሱም የብርሃን ዓይነት ነው) 130 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተጉዘው የደረሱት በ1.7 ሰከንድ ልዩነት ነው።

ከዚያ በቁጥር አሳየች። ከብርሃን 2 እጥፍ የሚፈጥን ስልክ አለህ እንበል። ጨረቃ በብርሃን 1.28 ሰከንድ ትርቃለች። በዚህ ስልክ መልእክትህ በ0.64 ሰከንድ ይደርሳል። እስካሁን ችግር የለም። አሁን ከመሬት ወደ ጨረቃ በብርሃን ፍጥነት 90 በመቶ የሚበር ሰው አለ እንበል። ቅድም ሰዓቶች ይለያያሉ ተብሏል። በሱ ሰዓት ሲሰላ፣ መልእክቱ ከመላኩ 1.2 ሰከንድ ገደማ በፊት ደርሷል። የዓይን ስህተት አይደለም፤ ብርሃን እሱ ጋ ለመድረስ የፈጀው ጊዜ ከተቀነሰ በኋላ ነው። ይሄም ይሁን። ግን ያ ሰው በጨረቃ አጠገብ ሲያልፍ መልእክቱን ተቀብሎ በራሱ እንደዚያው ባለ ስልክ መልስ ቢልክስ? መልሱ ላንተ የሚደርስህ ጥያቄውን ከመላክህ 0.3 ሰከንድ ያህል ቀድሞ ነው። መልሱን አይተህ ጥያቄውን ባትልክስ?

ስለዚህ ሁለት ነገር ብቻ በቂ ነው፦ የብርሃን ፍጥነት ለሁሉም አንድ መሆኑ፣ እና ምክንያት ከውጤት መቅደሙ። ሁለቱን ከያዝክ ከብርሃን የሚፈጥን መልእክት ቦታ የለውም። ሞተሩ ደካማ ሆኖ አይደለም። ዬገር ድምፅን ሲያልፍ ይህ ጣጣ አልነበረበትም፤ ድምፅ የአየር ጉዳይ ነው፣ ማንም ቢቀድመው ትናንትና ነገ አይቀያየሩም።

መልስ 24። ባለ 8 ቁጥሮቹን ተጠራጠረ። ማን አስልቶ ነው አለ። መምህሩ ወረቀት ላይ ሠርተው ፎቶውን ለጠፉ። ገጠመ። ባለ 8 ከዚያ በኋላ አልጻፈም።

መልስ 25። ተማሪው ከመልስ 1 ተመልሶ፣ ውጤት ከምክንያት መቅደም አይችልም ያለው ማነው ሲል ጠየቀ። ጠንካራ ጥያቄ ነው። ልጅቷ ማስመሰል አልፈለገችም፦ ይሄ ከሌላ ሕግ ተሰልቶ የወጣ አይደለም፣ መነሻ ነው፣ እስካሁን ሲጣስ የታየ ነገር ግን የለም። ሜክሲኳዊው አልኩቢዬሬ በ1994 ህዋውን ራሱን አጣጥፎ የሚሄድ መንኮራኩር በስሌት ማሳየቱን ጠቀሰች። ስሌቱ አይፈርስም፤ ግን ማንም በዚያ መጠን ይዞት የማያውቀውን አሉታዊ ኢነርጂ ይፈልጋል። ተሠራ ቢባል እንኳ ያው የትናንትና የነገ ጣጣ ይከተለዋል።

መልስ 26። ቁጥሩ ለምን በትክክል 299,792,458 ሆነ ብሎ አንዱ ጠየቀ። መምህሩ በአጭሩ፦ ከ1983 ጀምሮ ሜትር ራሱ የሚተረጎመው ብርሃን በሰከንድ 299,792,458ኛ ክፋይ በሚሄደው ርቀት ነው። ቁጥሩን የወለደው የኛ ሜትርና የኛ ሰከንድ ነው። ተፈጥሮ በሜትር አትለካም።

መልስ 27። አንዲት እናት የ12ኛ ክፍል ልጃቸው ፈተና እንደደረሰበት ነግረው፣ መምህሩ ቅዳሜና እሁድ ያስጠኑ እንደሆነ ጠየቁ።

መልስ 28። መምህሩ በውስጥ መስመር እንዲጽፉላቸው ነገሯቸው። አድሚኑም ማስታወቂያ እዚህ አይፈቀድም ብሎ ውይይቱን ዘጋው።